ሰሊጡ ዋጋ አለው፣ ወረቀቱስ?

ምሥራቅ ሱዳን ወዳለው ኡም ጋርጉር የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ቡና የምታፈላ ሴት አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው፣ «እስቲ ልጄ አንብብልኝ፤ መነጽሬ ተሰብሯል» አሉኝ። የአክሲዮን ሰርተፊኬት ነው። ያወጣው በአዲስ አበባ ያለ የግል ባንክ ነው። የአክሲዮኑን ብዛትና የእያንዳንዱን ዋጋ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«እሱንስ አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ዛሬ ስንት ያወጣል? ሰሊጥ ቢሆን ጠዋት ገዳሪፍ ላይ ስንት እንደዋለ ልጄ ይደውልልኛል። ይህን ማንን ልጠይቅ?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸው ግን አዲስ አበባ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ኡም ጋርጉር እ.ኤ.አ. በ1976 ለኤርትራውያን ስደተኞች የተቋቋመ ሰፈር ነው። ሽማግሌው የመጡት ግን ከሑመራ ነው፤ ከዚህ ያደረሳቸው አማችነት ነው። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሳ በሐምዳይት በኩል የድንበሩን ወንዝ ተሻገሩ። «ትራክተሩን፣ መጋዘኑን፣ ሁሉንም ትቼ ይህችን ይዤ ወጣሁ። ወረቀት አይከብድም» ይላሉ። አክሲዮኑን የገዙት ሰሊጥ በቀናቸው ዓመት ነው።

ለሰሊጥ ነጋዴ ዋጋ ማለት የጠዋት ነገር ነው። ገዳሪፍ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ እንግሊዞች ለጦራቸው ማሽላ ለማብቀል በአካባቢው ባለው ጋዳምባሊያ ላይ ትራክተር ካስገቡ ወዲህ የእህል አገር ነው። በእህል ገበያው በሱቅ አልመሓሲል ሰሊጥ በሐራጅ ይሸጣል፤ የዕለቱ ዋጋም ብዙ ሳይቆይ ገጠር ይደርሳል። ዋጋው እስኪነሳ ጎተራ ዘግቶ የሚጠብቅ አለ፤ ሰብሉ ሳይታጨድ በ«ሸይል» ለነጋዴ ሸጦ የሚያዝንም አለ። አትራፊውም ከሳሪውም ግን ስንት እንዳተረፈና ስንት እንደከሰረ ያውቃል።

የኢትዮጵያ አክሲዮን እንዲህ ዓይነት ጠዋት ከጠፋበት ግማሽ ምዕተ ዓመት ሞልቶት ነበር። ድሮ ነበረው። በ1957 ዓ.ም. ባንኮች ተሰባስበው የአዲስ አበባ የአክሲዮን ገበያ ቡድንን አቋቋሙ፤ የጥቂት ኩባንያዎች አክሲዮንም እዚያ ይገዛና ይሸጥ ነበር። አብዮቱ መጣ፤ በ1967 ዓ.ም. ባንኮቹና ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሲወረሱ ያ ሁሉ ወረቀት የሣጥን ማሞቂያ ሆነ። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ዳግም ሲከፈቱ አክሲዮን ተመለሰ፤ ገበያው አልተመለሰም። መሸጥ የፈለገ ለዘመድ ይነግር፣ ደላላ ይፈልግ፣ ባንኩ ሄዶ ስም ያዛውር ነበር። ዋጋው በወሬ ይኖር ነበር።

እንዲህ ባለ አገር በጦርነት የተጎዳ ባንክ ያገግማል ብሎ መወራረድ ምን ማለት ነው? ከሁሉ የሚታወቀው ወጋገን ነው። በ1989 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ባንክ በትግራይ ብዙ ቅርንጫፎች ነበሩት። በጦርነቱ ጊዜ በክልሉ የባንክ አገልግሎት ተቋረጠ፤ ቅርንጫፎች ተዘጉ፣ ያበደሩት ገንዘብም ከተበዳሪው ጋር እዚያው ቀረ። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲፈረም ባለአክሲዮኖች ተስፋ አደረጉ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ መጀመሩ ሲበሰር ቀድሞ የተመዘገበው ያው ወጋገን ነበር።

የሽማግሌው ባንክ የትኛው እንደሆነ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ታሪኩን ግን ከሳቸው በተሻለ የሚነግረው የለም። ጦርነቱ ገና ሳይበርድ አንድ ደላላ ደወለላቸው። የተጻፈበትን ዋጋ ግማሽ እከፍላለሁ አላቸው።

«ባንኩ ሞቷል አለኝ። ከሞተ ለምን ትገዛዋለህ አልኩት። ሳቀ። እሱም ይነሳል ብሎ ይጠብቃል፣ እኔም እጠብቃለሁ። ልዩነታችን እሱ በልቶ ነው የሚጠብቀው።»

ታዲያ ለምን አልሸጡም?

«ጎበዝ ብለህ እንዳትጽፈኝ። ልሸጥ ነበር። ውክልና አምጣ አሉኝ። ውክልና ከኤምባሲ ነው፤ ኤምባሲው ካርቱም። ሸሽቼው ወደመጣሁት መንግሥት ሄጄ ማኅተም ልለምን? ደግሞ በምን ወረቀት፣ በምን መኪና? ትዕግሥት አይደለም ይሄ፤ በሩ ተዘግቶብኝ ነው የቀረሁት።»

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ካርቱምንም ሲያዳርሰው ያችም መንገድ ጠፋች።

እዚህ ላይ ነገሩ ከአንድ ሰው አልፎ ይሄዳል። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድግ ባንኮች ለነባር ባለአክሲዮን አዲስ አክሲዮን አቀረቡ። የቻለ ገዛ፤ በስደት ያለው ድርሻው ቀጠነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በጦርነቱ ዋዜማ 40 ብር ያልሞላው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አክሲዮኑ በብር ቢያገግምም ብሩ ራሱ ታሟል። ይህን ለሽማግሌው ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ በየካቲት 2013 ዓ.ም. የሱዳን ፓውንድ በአንድ ቀን በዶላር ከ55 ወደ 375 ሲወርድ ሰምተዋል። «ለዚህ ነው ሰሊጥ ያዥ ብር አያስቀምጥም የምንለው» አሉኝ።

አሁን ገበያው አለ። በእሱ ለመሸጥ ግን ወረቀቱ በማዕከላዊው የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ግምጃ ቤት የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት፤ ባለቤቱም ማንነቱን አስመስክሮ ሒሳብ መክፈት ይኖርበታል። በመጠለያ ያለ ባለአክሲዮን ይህን እንዴት ያደርጋል ብዬ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል የተባሉ አንድ ኃላፊ ቢሮ ሄድኩ። «በደብዳቤ ጠይቅ» አሉኝ። በደብዳቤ ጠየቅኩ። ሁለተኛ ስሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ሦስተኛም እንደዚያው። አራተኛ አልሄድኩም።

ኡም ጋርጉርን ከመልቀቄ በፊት ሽማግሌውን አንድ ነገር ጠይቄ ነበር። ዋጋው ቢታወቅ ይሸጣሉ?

«ልሽጥ መቼ አልኩ? ጠዋት ተነስቼ ስንት እንደዋለ ልወቅ ነው ያልኩት።»

ወረቀቱን መልሰው በላስቲክ ጠቀለሉት። ጮክ ብዬ ሳነብ አንዲት ነገር ዘልዬ ነበር። የአያታቸው ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ያኔ ምንም አልመሰለኝም፤ ምዝገባው ምን እንደሚጠይቅ ካወቅኩ በኋላ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። እስካሁን አልነገርኳቸውም።