ቀረፋ የሚገዛ ቅርፊቱን ይይ

በባሕር ዳር ቀረፋ የማይገባበት የምግብና የመጠጥ ንግድ ቤት ጥቂት ነው። ጣና ዳር ያለው ሻይ ቤት ከቅርንፉድ ጋር ያፈላዋል። ምግብ ቤቱ በመከለሻ ውስጥ አድርጎ ወጥ ላይ ይነሰንሰዋል። ኬክ ቤቱም በጾም ወራት፣ ቅቤና እንቁላል በማይገባበት ኬክ ላይ፣ ጣዕም የሚያወጣው በእርሱ ነው። የአንድ ቤት ፍጆታ በኪሎ ሲታይ ትንሽ ቢመስልም ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ የግዢ ስሕተቱ ኪስ ይጎዳል።

ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድና አብሽ ከክልሉ ገበሬ ይገኛሉ። ኮረሪማም የአገር ውስጥ ምርት ነው። ቀረፋ ግን በቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል የሚጠና ተክል ቢሆንም፣ ገበያው የቆመው ከእስያ በሚመጣው ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ዋጋ ሲንር ደግሞ የገዢው ዓይን ርካሹን የተፈጨ ቀረፋ ማየቱ አይቀርም። ጣጣውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ዱቄት ውስጥ ምን እንዳለ በዓይን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ቀረፋ የተጨመረበት የሕፃናት የፖም ምግብ በእርሳስ ተበክሎ ተገኘ፤ ከ400 በላይ የመመረዝ ጉዳዮችም ተመዘገቡ። ቀረፋው ከስሪላንካ የተነሣ፣ በኢኳዶር የተፈጨ ነበር። የኢኳዶር ባለሥልጣናት ሲመረምሩ ያልተፈጨው ቅርፊት ከእርሳስ ነፃ ሆኖ አገኙት። ጉዳቱ የገባው ሲፈጭ ወይም ከዚያ ወዲያ ሳይሆን አይቀርም። በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር ሲቀላቀል ለኖረበት ገበያችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቅርፊቱን የያዘ ገዢ ግን ሊለየው ይችላል። ሁለት ዋና ዓይነቶች አሉ። አንደኛው ከቻይና፣ ከኢንዶኔዥያና ከቬትናም የሚመጣው ካሲያ ነው። ወፍራም፣ ጠንካራና ጠቆር ያለ ሲሆን፣ ከሁለት ወገን ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፤ ጣዕሙም ያቃጥላል። ሁለተኛው የስሪላንካው ወይም የሲሎን ቀረፋ ነው። እንደ ወረቀት የሳሱ ብዙ ንብርብሮች ያሉት፣ ፈካ ያለና በጣት ሲጫኑት የሚሰበር ነው፤ ጣዕሙ ለስላሳ፣ ዋጋውም ውድ ነው። በሲሎን ዋጋ ካሲያ የገዛ ነጋዴ ከሰረ ማለት ነው።

የጤናም ልዩነት አላቸው። ካሲያ ውስጥ በብዛት ያለው ኩማሪን የተባለ ንጥረ ነገር ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል፤ በሲሎኑ ውስጥ ግን እጅግ ጥቂት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ደንብ የኩማሪንን መጠን በባህላዊና በበዓል የቀረፋ መጋገሪያዎች በኪሎ 50 ሚሊግራም፣ በሌሎች ኬኮችና ብስኩቶች 15 ሚሊግራም ብሎ ወስኗል።

በሥራ ላይ ሲውል እንዲህ ነው። ለሻይ ቅርፊቱ እንዳለ ይፈላል፤ ዱቄቱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይለጠልጣል፣ ሻዩንም ያደፈርሳል። ለኬክ ለሳምንት የሚበቃው ብቻ ይፈጫል፤ ጠንካራው ካሲያ መፍጫ እንዳይጎዳ አስቀድሞ በሙቀጫ ይሰበራል። የተረፈው ከእርጥበት ርቆ፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጣል። ለዳቦ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ቀረፋ ሲበዛ እርሾን ስለሚያዳክም ሊጡ ቶሎ አይነሣም። ስለዚህ ብዙውን ከሊጡ ጋር ከመለወስ ይልቅ ከስኳር ጋር በመሐሉ ወይም በላዩ መነስነስ ይሻላል።

ዱቄቱ በእርግጥ ይረክሳልን? ለማወቅ አንድ ቀን መሞከር ይበቃል። አንዱን ኬክ በተገዛው ዱቄት፣ ሌላውን ቤት በተፈጨው ሠርቶ፣ ተመሳሳይ ጣዕም ለማግኘት ስንት ግራም እንደፈጀ መመዘን ነው። ሒሳቡ በኪሎ ሳይሆን በኬክ ሲሠራ ርካሹ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ደላላውና አከፋፋዩም «ቀረፋ» ብሎ ብቻ ከመሸጥ ዓይነቱንና የመጣበትን አገር ቢናገር ደንበኛው ይመለስለታል። ቀረፋ የሚለው ስም ራሱ በዐረብኛ ቅርፊት ማለት ነውና፣ ገዢው ስሙ የሚለውን ዕቃ ይጠይቅ።