ከጉና ጅረት እስከ ማርስ፦ የኤሌክትሪክ ኃይል ትምህርት በአካባቢ ሀብት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚማር ልጅ የኤሌክትሪክ ትምህርት ከሚያውቀው ወንዝ ቢጀምር ማርስ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። በሁለቱም ዘንድ መሠረታዊው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም በሥፍራው ያለው ሀብት ምን ያህል ነው? ሳይቋረጥስ ይገኛልን? የሚል ነው።

በማርስ ወራጅ ወንዝ የለም። የአየሩ ግፊት ከምድር አየር ግፊት አንድ መቶኛ እንኳ ስለማይሞላ የነፋሱ ጉልበት ደካማ ነው። የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃንም ምድር ከምታገኘው 43 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የተነሣው የአቧራ ማዕበል ኦፖርቹኒቲ የተባለችውን ተሽከርካሪ መሣሪያ ብርሃን ነሥቶ ሥራዋን አስቁሟል።

በአንጻሩ ከጉና ተራራ የሚወርድ ጅረት በሴኮንድ 20 ሊትር ከ10 ሜትር ከፍታ ቢያወርድ፣ ብክነቱ ሳይቀነስ ወደ 2 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል ይኖረዋል። ይሁን እንጂ ስሌቱ በክረምት ሙላት ብቻ ቢመሠረት ዕቅዱ በበጋ ይከሽፋል። ስለዚህ መምህሩ ጅረቱን በበጋም ጭምር ተማሪዎቹን ሊያስለካ ይገባዋል።