በጠፈር ፊልም መደሰት ነውር ነውን?



ባለፈው ወር በአስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ሻይ ስንጠጣ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎቼ አንድ የጠፈር ፊልም ላሳያቸው ማሰቤን ብናገር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳቀብኝ። «አንተ ትልቅ ሰው፣ ያውም የፊዚክስ አስተማሪ ሆነህ፣ በሕፃን ተረት ትደሰታለህን?» አለኝ። ሌሎቹም አብረው ሳቁ። እኔም ለይምሰል ሳቅሁ እንጂ ነገሩ እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። መልሱን በዚያን ሰዓት ስላላገኘሁት ዛሬ በዚህ ዓምድ ብጽፈው አንባቢዎች ይታገሡኛል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የተከተለኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ያደግሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ሲኒማ ቤት ገብቶ የተገኘ ልጅ መጠጥ ቤት ከገባው ልጅ ተለይቶ አይታይም ነበር። እነዚያው መምህራን ግን ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ወደ ሜዳው እያወጡ ከዋክብቱን በየስማቸው ያሳዩን ስለ ነበር፣ ሰማይን አይቶ መደሰትን የተማርሁት ከእነርሱው ነው። እንግዲህ ዛሬም ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ፊልም ስመለከት አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ትከሻዬን የሚነካኝ ይመስለኛል።

ፊልሙ «2001፤ ስፔስ ኦዲሲ» ይባላል። አሜሪካዊው ስታንሊ ኩብሪክ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከአርተር ክላርክ ጋር ድርሰቱን አዘጋጅቶ በእንግሊዝ አገር ያነሣው ሲሆን፣ ለሕዝብ የታየው በመጋቢት 1960 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ነው። ሰው ጨረቃን የረገጠው በሐምሌ 1961 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ፊልሙ ሲሠራ ከጨረቃ ላይ ቆሞ መሬትን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። እንደ ዛሬው በኮምፒዩተር ሥዕል የሚሠራበት ጊዜም አልነበረም። መንኰራኩሮቹ በእጅ የተሠሩ ምስሎች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የማልጠግበው አንድ ትርኢት አለ። ወደ ጁፒተር በምትጓዘው መንኰራኩር ውስጥ ጠፈረኞቹ የሚኖሩት እንደ ትልቅ ከበሮ በሚዞር ክፍል ውስጥ ነው። አንደኛው ሰው ከመካከል በመሰላል ሲወርድ፣ ጓደኛው በበኩሉ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ በጠረጴዛ ላይ ምግቡን ይበላል። የወረደውም ሰው ግድግዳውን እየተራመደ ይሄድና ከእርሱ ዘንድ ይደርሳል። ለዚህ ተብሎ የተሠራው ከበሮ ስፋቱ ከ11 ሜትር በላይ፣ ክብደቱም 30 ቶን ያህል ነበር። የሚራመደው ሰው ዘወትር ከታች ሲሆን፣ ከበሮው ከእግሩ ሥር ይዞርለታል። የሚበላው ተዋናይ ግን ከወንበሩ ጋር ታስሮ በእውነት ተዘቅዝቆ ነበር፤ ምግቡም እንዳይወድቅ በማጣበቂያ ተይዞ ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ አደናነቄ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ልጅ ሳለሁ ከምንጭ ውኃ በባልዲ ቀድቼ ስመለስ፣ ባልዲውን በራሴ ላይ በፍጥነት አዞረው ነበር። ውኃው አይፈስም። አንድ ቀን ግን እጄ ዛለና ፈሰሰብኝ፤ ቅጣትም አገኘሁበት። የመንኰራኩሯ ሰዎች መሬት ላይ እንዳሉ ሆነው የሚራመዱት በዚያው በባልዲው ሕግ ነው። ይህንኑ በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ ቀመሩን ጽፌ አስተምራለሁ። ተማሪው ይገለብጣል፣ ለፈተናም ያጠናዋል፤ አያየውም። በዚያ ቅዳሜ ግን አዩት።

ሁለተኛው ነገር ዝምታው ነው። በሌሎች የጠፈር ፊልሞች መንኰራኩር ሲፈነዳ ጆሮ ያደነቁራል። አየር በሌለበት ድምፅ እንደሌለ ኩብሪክ አልረሳም። ቦውማን የተባለው ጠፈረኛ የራስ ቁሩን ሳያደርግ ከትንሿ መንኰራኩር ወደ ትልቋ ደጃፍ ሲወረወር ምንም አይሰማም። በሩን ዘግቶ አየር ሲያስገባ ብቻ ድምፁ በአንድ ጊዜ ይጐርፋል። አርባ ልጆች ያሉበት ክፍል ያን ያህል ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ሳስተምርማ ከቶ!

ሆኖም ፊልሙን ያሳየሁት ለትምህርት ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። የባልደረባዬን ሳቅ በዚህ መልስ ልመልሰው አስቤ ነበር፤ ግን ተውሁት። በሰማይ የሚዞረው ትልቁ ጣቢያ ከዮሐን ስትራውስ የዳንዩብ ቫልስ ጋር ቀስ ብሎ ሲሽከረከር፣ ከእጅ ያመለጠች አንዲት ብዕር በአየር ላይ ስትንሳፈፍ፣ እኔ ትምህርቱን ፈጽሞ ረስቼ እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ነበር። (ብዕሯ በሚዞር መስተዋት ላይ የተለጠፈች ናት።) ቀኑን ሙሉ ፋይል ሲያገላብጥ የዋለ የመንግሥት ሠራተኛም ይህን አይቶ ቢደሰት ከማን ይቅርታ ሊጠይቅ ነው?

ጉድለት የለውም አልልም። መጀመሪያው በጣም ረዝሟል፤ ለረጅም ጊዜ አንድ ቃል ሳይነገር ዝንጀሮ መሰል ፍጥረታት ሲጣሉ ይታያል። ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆች እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ደግሞም ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ፊልሙ ሳያልቅ እጇን አነሣች። ወደ ጨረቃ የሚጓዘው ሰውዬ ምግቡን በቱቦ መጦ ሲለቀው ፈሳሹ ወደ ታች ይመለሳል። «ክብደት ከሌለ ለምን ወረደ?» አለችኝ። ፊልሙን ከዚያ በፊት አራት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ይህን ግን አላስተዋልሁም ነበር። መልሼ አሳየኋቸው። ልክ ናት።

ያ ባልደረባዬ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ በበሩ ላይ ጥቂት ቆመና ሄደ። ምን እንደ ተሰማው አልጠየቅሁትም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በመጨረሻው ክፍል ቦውማን በብርሃን ጐርፍ ውስጥ ያልፍና በአንድ ነጭ የመኝታ ክፍል ውስጥ ራሱን አርጅቶ ያየዋል፤ ከዚያም ሕፃን ሆኖ ከመሬት አጠገብ ይታያል። ተማሪዎቼ ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ እኔም አላውቅም ብዬ አሰናበትኋቸው። ፊልሙን አይቶ የተረዳው አንባቢ ካለ፣ በዚሁ ዓምድ ቢጽፍልኝ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር