ናሙናው የት ይመረመራል? የብሔራዊ ጤና ኢንስቲትዩቶች ዓለም አቀፍ አጋርነት

በ2020 መባቻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሰሃራ በስተደቡብ አዲሱን ኮሮና ቫይረስ መርምረው ማረጋገጥ የሚችሉት ሁለት ተቋማት ብቻ ነበሩ፤ የዳካሩ ፓስተር ኢንስቲትዩትና የደቡብ አፍሪካ የተላላፊ በሽታዎች ብሔራዊ ኢንስቲትዩት። ኢትዮጵያም የተጠረጠሩ ሰዎችን ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ልካ ውጤቱን ስትጠብቅ ነበር። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ግን አዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ የበሽታ መከላከልና መቆጣጠር ማዕከል፣ በተለምዶ አፍሪካ ሲዲሲ የሚባለው፣ ከዳካሩ ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ የበርካታ አገሮችን የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ሴኔጋል ላይ ሰብስቦ አሠለጠነ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚያው ወር የራሱን ምርመራ ጀመረ። ማርች 13 ቀን የመጀመሪያው ታማሚ ይፋ ሲደረግ ናሙናው አውሮፕላን መሳፈር አላስፈለገውም፤ የተመረመረው እዚሁ ነበር።

እንዲህ ያለው ፍጥነት በአንድ ሳምንት ሥልጠና ብቻ አይመጣም። ከጀርባው የብዙ ዓመታት ትውውቅ፣ የጋራ ሥልጠና፣ ስልክ ሲደወል የሚያነሳ የሥራ ባልደረባ አለ። የብሔራዊ ጤና ኢንስቲትዩቶች አጋርነት የሚባለው ይኸው ነው።

ተቋማቱ በዕድሜ ይለያያሉ። የበርሊኑ ሮበርት ኮክ ኢንስቲትዩት በ1891፣ የሪዮ ዴ ጃኔሮው ኦስዋልዶ ክሩዝ ፋውንዴሽን መነሻ በ1900፣ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ1946 ተመሠረቱ። ሥራቸው ግን ይመሳሰላል፦ ወረርሽኝን መከታተል፣ ናሙና መመርመር፣ ማስረጃ ሰብስቦ መንግሥትን ማማከር። በ2006 እነዚህ ተቋማት ሪዮ ላይ ተሰባስበው የብሔራዊ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቶች ዓለም አቀፍ ማኅበርን መሠረቱ። ከመሪዎቹ አንዱ የቀድሞው የአሜሪካው ሲዲሲ ዳይሬክተር ጄፍሪ ኮፕላን ሲሆኑ፣ ሌላው ፊንላንዳዊው ፔካ ፑስካ ናቸው። ፑስካ ከ1972 ጀምሮ በሰሜን ካሬሊያ በተካሄደው ፕሮጀክት የአንድን አካባቢ ሕዝብ አመጋገብና የማጨስ ልማድ በመለወጥ በልብ ሕመም የሚሞተውን ሰው ቁጥር እጅግ በመቀነስ ይታወቃሉ። ዛሬ ማኅበሩ ከመቶ በላይ አባል ተቋማት አሉት። የቆመበት ሐሳብ ቀላል ነው፤ ላቦራቶሪ የሚመራ ሰው ችግሩን ከማንም በላይ የሚረዳለት ሌላ ላቦራቶሪ የሚመራ ሰው ነው። ሞዛምቢክና ጊኒ ቢሳው ኢንስቲትዩቶቻቸውን ሲያጠናክሩ ከጎናቸው የቆመችው ብራዚል ነበረች። ፖርቱጋልኛ ያግባባቸዋል፤ ብራዚልም ሐሩራማ በሽታዎችን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በራሷ ምድር ታውቃቸዋለች።

ለኢትዮጵያ ነገሩ አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ነዋሪ ጉለሌ ያለውን ግቢ እስከ ዛሬ «ፓስተር» ይለዋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትና በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ስምምነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ለዛሬው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መሠረት ሆኗል። የፓስተር መረብ በ1891 በሳይጎን፣ በ1893 በቱኒስ የተዘረጋው ከቅኝ አገዛዝ ጋር ነበር። የአዲስ አበባው ግን ከነፃ መንግሥት ጋር በተደረገ ውል የቆመ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የስካንዲኔቪያም እጅ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት። በ1962 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል «ፋፋ» የተሰኘውን አልሚ የሕፃናት ምግብ ለኢትዮጵያ እናቶች አበረከተ፤ በኋላም የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆኖ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሌሎች ጋር ተዋሕዷል። በ1970 ደግሞ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች በአዲስ አበባው የአለርት ሆስፒታል ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ስሙ በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም መታሰቢያ ነው። ከ2004 ጀምሮ ተቋሙ በጤና ሚኒስቴር ሥር ነው። ስለ አጋርነት ስኬት የሚጠይቅ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያየው የሚገባው ይህን ርክክብ ነው። የውጭ አገር ሰዎች የመሠረቱት ቤት በባለአገሩ እጅ ገብቶ ሥራውን ቀጥሏል፤ ብዙ ፕሮጀክቶች ግን ገንዘቡ ሲያልቅ ማሽኑን አቧራ አልብሰው፣ ሠልጣኙን በትነው ይዘጋሉ።

የሠለጠነ ሰው ከማሽን በላይ ይቆያል። አሜሪካ በ1951 የጀመረችው የወረርሽኝ መርማሪዎች አገልግሎት ወጣት ሐኪሞችን በሽታው ወዳለበት ቦታ እየላከ በሥራ ላይ የሚያስተምር ነበር። ታይላንድ በ1980 ይህንኑ ለራሷ አድርጋ ጀመረች፤ ኢትዮጵያም በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱና በአሜሪካው ሲዲሲ ትብብር የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠናን ከፈተች። ሠልጣኞቹ ኩፍኝ ወይም አጣዳፊ ተቅማጥ ወዳለበት ወረዳ ወርደው ቤት ለቤት ሲጠይቁ የሚያገኙትን ትምህርት የትኛውም የመማሪያ ክፍል አይሰጥም። እንግሊዝም በበኩሏ የኅብረተሰብ ጤና ተቋሟን ባለሙያዎች በኢትዮጵያ፣ በናይጄሪያ፣ በሴራሊዮንና በሌሎች አገሮች ካሉ አቻዎቻቸው ጋር አጣምራለች።

እንዲህ ያለ አቅምና አጋርነት ሳይኖር ምን እንደሚሆን ምዕራብ አፍሪካ አይታለች። ኢቦላ በጊኒ ጫካማ አካባቢ የተነሣው በ2013 መጨረሻ ነው፤ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው ግን ናሙናው ፈረንሳይ ደርሶ በማርች 2014 ነበር። በእነዚያ ወራት በሽታው ድንበር ተሻገረ። በመጨረሻ ከ28 ሺህ በላይ ሰዎች ታመው ከ11 ሺህ በላይ ሞቱ። ላይቤሪያ ብሔራዊ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቷን ያቋቋመችው ከዚህ እልቂት በኋላ ነው፤ አፍሪካ ሲዲሲም በጃንዋሪ 2017 ሥራ ሲጀምር ከኋላው የገፋው ይኸው ሐዘን ነበር።

ኢትዮጵያ ራሷም እንዲህ ያለ መከራ አይታለች፤ ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው፣ ቢጫ ወባ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት የዚህ በሽታ ወረርሽኞች አስከፊው ነው። የአዲስ አበባው ፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ስለዚሁ ወረርሽኝ ያካሄዱት ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በኖቬምበር 2025 ደግሞ በዚያው በደቡብ ኦሞ፣ በጂንካ፣ ደም የሚያፈስስ ትኩሳት ታየ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ማርበርግ መሆኑን አረጋገጠ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና አፍሪካ ሲዲሲ ለድጋፍ ተሰማሩ፤ የበሽታውን ስም ያወቀው ግን የአገሪቱ የራሷ ላቦራቶሪ ነበር። ከ1960ዎቹ ወዲህ የተሠራው ሥራ ፍሬው እዚህ ላይ ይታያል።

ሆኖም አጋርነቱ ቅሬታም አለው፤ ቅሬታውም እውነተኛ ነው። በ2007 ኢንዶኔዥያ የወፍ ጉንፋን ናሙናዎቿን ለውጭ ላቦራቶሪዎች መስጠት አቋረጠች። ከቫይረሷ የሚሠራው ክትባት ለሀብታም አገሮች ተሽጦ ለእርሷ የማይደርስ ከሆነ የመስጠቱ ትርጉም ምን እንደሆነ ጠየቀች። ጥያቄው በ2011 ስለ ኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች መጋራትና ስለ ጥቅማቸው ክፍፍል ዓለም አቀፍ ማዕቀፍ አስገኘ። በኖቬምበር 2021 ደግሞ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ሳይንቲስቶች ኦሚክሮንን ፈጥነው ለዓለም አሳወቁ፤ ምላሹ በቀናት ውስጥ የተጣለባቸው የጉዞ እገዳ ነበር። ይህ በግልጽ ሊወገዝ የሚገባው ድርጊት ነው። ያየውን በሐቀኝነት የሚናገር ኢንስቲትዩት ከተቀጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያ ኢንስቲትዩት ከመናገሩ በፊት መንግሥቱ ያመነታል።

ገንዘቡም አስተማማኝ አይደለም። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ በድንገት ሲቆም፣ የሲዲሲ ሠራተኞችም ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር መነጋገር እንዲያቆሙ ሲታዘዙ፣ ለአሥርተ ዓመታት የተገነቡ መረቦች ተናጉ። ሲዲሲ በኢትዮጵያ ቢሮ የከፈተው በ2001 ነው፤ የብዙ ላቦራቶሪዎች አቅም በዚያ መስመር ያደገ ነው። በሌላ በኩል አፍሪካ ሲዲሲ በ2023 የተረከበው ዋና መሥሪያ ቤት የተገነባው በቻይና ድጋፍ ነው። አህጉሪቱ ከአንዱ ለጋሽ ወደ ሌላው ብትዞር ከጥገኝነት ወጣች ማለት አይቻልም፤ የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝና የኬሚካል መግዣ በጀት ከአገር ውስጥ ካዝና ካልወጣ ሌላው ሁሉ ጊዜያዊ ነው።

ወደ ናሙናው ቅሬታ ስንመለስ፣ በሜይ 2025 የዓለም ጤና ጉባኤ የወረርሽኝ ስምምነትን አጽድቋል። በስምምነቱ መሠረት በወረርሽኝ ጊዜ በናሙናና በጥቅም መጋሪያ ሥርዓቱ የሚሳተፉ አምራቾች ከክትባት፣ ከመድኃኒትና ከመመርመሪያ ምርታቸው 20 በመቶ ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያቀርቡ ታስቧል፤ ከዚህም ቢያንስ 10 በመቶው በስጦታ፣ ቀሪው በተመጣጣኝ ዋጋ ይሆናል። ናሙናና የዘረመል መረጃ እንዴት እንደሚጋራ የሚወስነው አባሪ ግን ለቀጣይ ድርድር ተትቷል። ስምምነቱ ለፊርማ የሚቀርበው ይህ አባሪ ሲጸድቅ ነው።