ስለ ቴፕ መሣሪያዎች ስያሜ

የመራዊ አካባቢ ገበሬ በሬዎቹን «ቦራ»፣ «ዳለቻ» እያለ ይጠራል። ቦራ በግንባሩ ነጭ ምልክት፣ ዳለቻ በአመድማ መልኩ ይታወቃል። ስሙ ከበሬው አካል የተወሰደ ስለ ሆነ፣ ከበረት የትኛውም ቀድሞ ቢወጣ ስማቸው አይቀያየርም። «አንደኛ»፣ «ሁለተኛ» ተብለው በአወጣጣቸው ቢሰየሙ ግን የትናንቱ አንደኛ ዛሬ ሁለተኛ ይሆን ነበር።

የመጠባበቂያ ቅጂ በሚያዝባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ የሚታየው ችግርም ይኸው ነው። የሊኑክስ ሥርዓት የቴፕ መሣሪያዎችን ባገኛቸው ቅደም ተከተል «ኤስቲ0»፣ «ኤስቲ1» እያለ ይሰይማቸዋል። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሣ አንዱ መሣሪያ ዘግይቶ ቢገኝ ወይም አዲስ ቢታከል ቁጥሮቹ ሊቀያየሩ ይችላሉ። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ገጠር የተቀዱ ንግግሮችን የያዘ ቴፕ በአንደኛው መሣሪያ፣ ባዶ ቴፕ በሁለተኛው እንዳለ እናስብ። ለባዶው የታሰበው የመጻፍ ትእዛዝ ስሙን ተከትሎ ወደ ሌላው ቢሄድ የተቀዳው ንግግር ይደመሰሳል። ሌላ ቅጂ ከሌለና ተናጋሪውም በሕይወት ከሌሉ፣ የጠፋው ቃል በምንም አይመለስም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ብቅ ያለው «ዩዴቭ» የተባለው የሥርዓቱ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ለመሣሪያው ሁለት ዓይነት ተጨማሪ ስሞች ሊያወጣ ይችላል። አንደኛው ፋብሪካው ለመሣሪያው ከሰጠው መለያ ቁጥር የሚወሰድ ነው፤ መሣሪያው የትም ቢሰካ አይለወጥም፤ ነገር ግን መሣሪያው በሌላ ሲተካ ስሙም አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛው ከተሰካበት ስፍራ የሚወሰድ ነው፤ መሣሪያው ቢተካም ስሙ ለስፍራው ይቀራል፤ መሰኪያው ሲለወጥ ግን ይለወጣል።

«ቋሚ ስም» የሚለው ሐረግ ለሁለቱም ቢነገርም ብቻውን አይበቃም፤ ስሙ በምን ላይ እንደ ጸና አያመለክትምና። ስለሆነም «ተራ-ጠቀስ»፣ «መለያ-ጠቀስ» እና «ስፍራ-ጠቀስ» ስም የሚሉትን ሦስት ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን። በሥራ ላይም ከኋለኞቹ ሁለቱ አንዱ ተመርጦ በትእዛዙ ውስጥ እንዲጻፍ፣ ያው ስም በመሣሪያው ገላ ላይም እንዲለጠፍ እናሳስባለን። ከእነዚህ የተሻለ ቃል በገጠሩ አንደበት ከተገኘ፣ የኛን ትተን ያንን ለመቀበል ዝግጁ ነን።