በአውታረ መረብ መማርና የምንጭ ጥያቄ

የሕክምና ዕውቀት በተመረቅንበት ዕለት እንደነበረ አይቆይም። የመድኃኒት መጠን ይሻሻላል፤ የመጀመሪያ ምርጫ የነበረው ሁለተኛ ይሆናል፤ ትክክለኛ ይባል የነበረ አሠራር ይሻራል። ስለዚህም የጤና ባለሙያ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ተማሪ ነው። ቀደም ሲል ይህን ትምህርት የምናገኘው ከጠዋት ሪፖርት፣ ከመምህራኖቻችን ጋር ሕሙማንን ስንጎበኝ፣ ከቤተ መጻሕፍትና ዘግይተው ከሚደርሱን መጽሔቶች ነበር። ዛሬ ግን የብዙዎቻችን የዕለት ተዕለት ትምህርት በእጅ ስልክ በኩል ይመጣል። ይህ ጽሑፍ በዚህ መንገድ መማር ምን ማለት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚጠቅምና ምን ሲጎድለው በሕመምተኛ ላይ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ለማብራራት የቀረበ ነው።

አንድ ገጠመኝ

ጦር ኃይሎች አካባቢ በሚገኝ አንድ የጤና ተቋም የሌሊት ተረኛ በነበርኩበት ጊዜ፣ ከቆላ አገር ወደ ዘመድ ቤት የመጣ 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ራሱን ስቶ ገባ። የደም ምርመራው የፋልሲፓረም ወባ መሆኑን አሳየ። ጽኑ ወባ አዲስ አበባ ውስጥ በየዕለቱ የሚያጋጥም ሕመም ባለመሆኑ የአርቴሱኔትን መጠን በእርግጠኝነት አላስታወስኩም። አብራኝ ተረኛ የነበረችው ነርስ፣ ባለሙያዎች ከሚወያዩበት የቴሌግራም ቡድን ያስቀመጠችውን የአንድ ገጽ ፎቶግራፍ አሳየችኝ። በኪሎ ግራም 2.4 ሚሊ ግራም ይላል። 36 ሚሊ ግራም አዘዝኩ፤ ተሰጠ።

ሕፃኑ ትንሽ ከተረጋጋ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ ራሱን ከፍቼ ሳነብ፣ ክብደታቸው ከ20 ኪሎ ግራም በታች ለሆኑ ሕፃናት መጠኑ እ.ኤ.አ. በ2015 በኪሎ ግራም ወደ 3 ሚሊ ግራም ከፍ መደረጉን ተረዳሁ። ለለውጡ ምክንያት የሆነው፣ በተመሳሳይ ስሌት ሲሰጥ በትንንሽ ሕፃናት ደም ውስጥ የሚገኘው የመድኃኒቱ መጠን ከትልልቆቹ አንሶ በመገኘቱ ነው። ስለዚህ ማዘዝ የነበረብኝ 45 ሚሊ ግራም ነበር። ከ12 ሰዓት በኋላ የሚሰጠውን ሁለተኛውን መጠን አስተካከልን፤ ሕፃኑም ዳነ። በመዳኑም ምክንያት ስለ ስሕተቱ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ገጹ የፈጠራ አልነበረም፤ እስከ 2015 ድረስ ትክክለኛ ነበር። ጉድለቱ ፎቶግራፉ የሰነዱን ርዕስ፣ ያሳተመውን አካልና ዓመቱን ቆርጦ ማስቀረቱ ነው። እርማቱን በቡድኑ ውስጥ ጻፍኩ፤ በዚያው ቀን በሌሎች መልእክቶች ተዋጠ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ፎቶግራፍ እንደገና ተላከ።

በአውታረ መረብ መማር ሲባል ምን ማለት ነው?

አሜሪካዊው የጎልማሶች ትምህርት ምሁር ማልኮልም ኖውልስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ራስን በራስ ማስተማርን ሲያብራራ፣ ተማሪው በሌሎች ርዳታም ሆነ ያለ ርዳታ የሚጎድለውን ዕውቀት ለይቶ፣ ግብ አውጥቶ፣ የትምህርት ምንጭ ፈልጎና ስልት መርጦ፣ በመጨረሻም ውጤቱን የሚመዝንበት ሂደት ነው ይላል። እንግዲህ ራስን በራስ ማስተማር ብቻን መማር ማለት አይደለም። መመዘኑም የትምህርቱ አካል ነው።

ካናዳዊው ጆርጅ ሲመንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ዕውቀት በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሰዎችና በምንጮች መካከል ባለው ግንኙነት ውስጥም እንደሚገኝ፣ መማርም ይህን ግንኙነት መዘርጋትና ማደስ መሆኑን አስረድቷል። በ2008 ከስቴፈን ዳውንስ ጋር በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ በሰጡት ኮርስ 25 ያህል ተማሪዎች ከፍለው ሲመዘገቡ፣ ከ2,200 በላይ የሚሆኑ ደግሞ በኢንተርኔት አማካይነት በነፃ ተከታትለዋል።

በተግባር የታዩ ምሳሌዎች

በሕክምናው ዘርፍ ጎልቶ የሚጠቀሰው ፕሮጀክት ኤኮ ነው። ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመሩት ይህ ፕሮግራም፣ በገጠር ክሊኒክና በእስር ቤት የሚሠሩ ባለሙያዎችን በየጊዜው በቪዲዮ እያገናኘ ስለ ሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን ያወያያል። ባለሙያው ሕመምተኛውን ያለ ስም ያቀርባል፤ ስፔሻሊስቶችና የሥራ ባልደረቦች ይወያያሉ። በ2011 በታተመ ጥናት 407 ሕሙማን ተካትተው፣ ቫይረሱ ከደማቸው የጠፋላቸው በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ 57.5 በመቶ፣ በኤኮ ጣቢያዎች ደግሞ 58.2 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ይህም ስፔሻሊስት በሌለበት ቦታ ተመጣጣኝ ውጤት ሊገኝ እንደሚችል ያሳያል። ልብ ሊባል የሚገባው ውይይቱ በስም የሚታወቁና ለምክራቸው የሚጠየቁ ሰዎች የተሳተፉበት፣ ውጤቱም የተመዘነ መሆኑን ነው።

በአገራችን የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ አምሬፍና ዩኒሴፍ በጋራ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያዘጋጇቸው 13 ሞጁሎች ይጠቀሳሉ። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በጽሑፍ ዝግጅቱ የተሳተፉባቸው እነዚህ ሞጁሎች በኅትመት ከመቅረባቸውም በላይ ማንም በነፃ እንዲጠቀምባቸው በኢንተርኔት ተለቅቀዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ዊኪፔዲያ ነው። ማንም ሊያርመው ስለሚችል ብቻውን ለሕክምና ውሳኔ መሠረት ሊሆን አይገባም። ነገር ግን ከቴሌግራም ቡድኖቻችን የሚለይበት ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ለውጥ መቼና በማን እንደተደረገ ይመዘገባል፤ ምንጭ ያልተጠቀሰለት ዐረፍተ ነገር ምልክት ሊደረግበት ወይም ሊሰረዝ ይችላል። እርማቱም በሌላ መልእክት አይዋጥም፤ የአሮጌውን ጽሑፍ ቦታ ይይዛል።

ምን ማድረግ ይገባናል?

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተሉትን ነጥቦች ለሙያ ባልደረቦቼ አቀርባለሁ።

1. ርዕስ፣ አሳታሚና ዓመት የሌለውን ምስል ለሕክምና ውሳኔ አንጠቀምበት፤ ለሌላውም አናስተላልፍ። ፎቶግራፍ ስናነሣ የሰነዱን ሽፋንም አብረን እንላክ።

2. የመድኃኒትን መጠን ከዋናው መመሪያ እናመሳክር። የምርምር ጽሑፎችን ለማግኘት እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት የተጀመረው ሂናሪ ለአገራችን ተቋማት ክፍት ነው። ተቋማችን የመግቢያ ቃል እንዳለው ቤተ መጻሕፍቱን እንጠይቅ፤ ከሌለው እንዲመዘገብ እናሳስብ።

3. በየቡድኑ እርማቶችን የሚከታተል ተረኛ ባለሙያ ይመደብ። አሮጌው ገጽ ይሰረዝ፤ አዲሱ በቡድኑ አናት ላይ ይሰካ።

4. ዋና ዋና መመሪያዎችን ሙሉውን በስልካችን ላይ እናስቀምጥ። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ፣ ትምህርታችን ሁሉ በአውታረ መረብ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ምን ያህል እንደምንቸገር ታይቷል። የተቀመጠው ሰነድ ያረጀ እንዳይሆንም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እናድስ።

5. የሕመምተኛን ስም፣ ፊትና የካርድ ቁጥር ከምናቀርበው ጥያቄ ላይ እናውጣ። የሙያ ምስጢር በስልክም ላይ ምስጢር ነው።

6. በሳምንቱ በቡድኑ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱን ወደ ጠዋት ሪፖርት እናምጣ። ስሕተት ተፈጽሞ ከሆነም ለመውቀስ ሳይሆን ለመማር በግልጽ እንነጋገርበት።

ማጠቃለያ

ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚጠየቅ ቢሆንም፣ የምስክር ወረቀት ከምንቀበልበት ሥልጠና ይልቅ አብዛኛውን ነገር የምንማረው በተረኝነት ሌሊት፣ ሕመምተኛው ፊት ለፊታችን ሆኖ ነው። በዚያ ሰዓት ገጽ የሚልክልን ባልደረባ መምህራችን ነው፤ እኛም ስንልክ መምህር እንሆናለን። መምህር ደግሞ ያስተማረው ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ መመለስ ይኖርበታል። አንባቢ ይህን ጽሑፍ ሲጨርስ በስልኩ ላይ ያስቀመጠውን የአርቴሱኔት ገጽ ከፍቶ ዓመቱን ቢመለከት፣ አሮጌም ከሆነ አጥፍቶ ለላከለት ባልደረባ ቢያስታውቅ፣ ጽሑፉ ዓላማውን መታ ማለት ነው።