የአራስ ቤት ሥራ፤ በረዶ ሲጥልና ሕመም ሲመጣ

በአገራችን ሴት ልጅ ስትወልድ እናቷ ወይም እህቷ ልታርሳት ትመጣለች። ገንፎ ታገነፋለች፣ ሕፃኑን ታጥባለች፣ አራሷን ታሳርፋለች። በአሜሪካ ይህን የመሰለውን ሥራ በክፍያ የምትሠራ ሴት ‹‹ዱላ›› ትባላለች፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው እንጂ ከእኛ ዱላ ጋር ዝምድና የለውም። ሜዲኬይድ በሚኒሶታ ከ2014፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዱላ አገልግሎት ይከፍላል። እንግዲህ ለእህቶቻችንም ራሱን የቻለ ንግድ ሊሆን የሚችል ሥራ ነው።

ታክሲ ወይም ሱቅ ላለዎት ለእርስዎ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። በረዶ ጥሎ ታክሲው ሲቆም የኢንሹራንሱ ክፍያ አይቆምም። በግሏ የምትሠራ ዱላም ባልሄደችበት ቀን የሚከፍላት የለም። ልዩነቱ ግን፣ የእርስዎ ደንበኛ ሌላ ታክሲ ይጠራል፤ ከወለደች አምስት ቀን የሆናት እናት ግን ሌሊቱን ብቻዋን ልታድር ትችላለች። ስለዚህ ባለቤትዎ በዚህ ሥራ ላይ ካለች፣ ወይም ለቤትዎ ዱላ ለመቅጠር ካሰቡ፣ ችግሩ ሳይደርስ በጽሑፍ ይስማሙ። ይሉኝታ የውልን ቦታ አይተካም።

በረዶ፦ በጃንዋሪ 23 እና 24 ቀን 2016 በዋሽንግተን የሜትሮ ባቡርም አውቶቡስም ሁለቱን ቀን ሙሉ ቆመው ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ጠብ እንዳይነሣ ውሉ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ። አንደኛ፣ መሄድና መቅረቱን ማን ይወስናል፣ እስከ ስንት ሰዓትስ ያሳውቃል? የዋዜማው ምሽት ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛ፣ የቀረው ሰዓት ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል ወይስ ገንዘቡ ይመለሳል? ሦስተኛ፣ ሌሊት የሠራችው ዱላ መንገድ ተዘግቶባት ጠዋት መውጣት ቢያቅታት፣ ለተጨማሪው ሰዓት ስንት ይከፈላታል? መኪናዋን የት እንደምታቆምም አስቀድሞ ይታወቅ፤ በበረዶ ጊዜ መቆም በተከለከለበት መንገድ ላይ የቆመ መኪና ተቀጥቶ ይጎተታል።

መብራት ከጠፋም ቤት ውስጥ ከሰል አይለኮስ፣ ለቡናም ቢሆን። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት እናትና ልጅን በእንቅልፍ ላይ ሊገድል ይችላል።

ሕመም፦ ዱላዋ ትኩሳት ካላት መሄድ የለባትም፤ ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከጠፋ ቢያንስ 24 ሰዓት ይለፍ። ትውከትና ተቅማጥ ከሆነ ካቆመ በኋላ 48 ሰዓት ትጠብቅ፤ ይህን ሕመም ከእጅ የሚያስለቅቀው ሳሙናና ውኃ እንጂ የአልኮል ቅባት አይደለም። ሕፃን የትክትክ ክትባት የሚጀምረው በሁለት ወሩ ስለሆነ፣ እስከዚያ የሚጠብቀው በዙሪያው ያሉት ሰዎች መከተባቸው ነው። ዱላዋ የትክትክና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት መውሰዷን ይጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ግዴታው ግን የእርስዎም ነው። ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቤት ታሞ ከመጣ፣ ዱላዋ ከቤቷ ሳትነሣ ይደውሉላት፤ ከእርስዎ ቤት ወጥታ የምትሄደው ወደ ሌላ ጨቅላ ቤት ነውና። አራስ ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ቢያስል፣ ገንፎውን ሳሎን ቀምሶ ይመለስ፤ ሕፃኑን አይሳም።

ዱላ ነርስ አይደለችም። ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (100.4 ፋራናይት) ከደረሰ መድኃኒት ሳይሰጡ ወዲያው ሐኪም ይደውሉ። እናቲቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ የንጽሕና መጠበቂያ የሚያርስ ደም ከፈሰሳት፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት ከያዛት፣ በረዶው እስኪቆም አይጠብቁ፤ 911 ይደውሉ።

ተተኪ፦ ጥሩ ዱላ ስትታመም የምትተካትን ሰው ስም በውሉ ላይ ታሰፍራለች። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ለጥየቃ በቱሪስት ቪዛ የመጡ እናትዎ የገዛ ልጃቸውን ያለ ክፍያ ቢያርሱ የቤተሰብ ነገር ነው። ዱላዋ ቀረች ተብሎ እሳቸው በሰው ቤት በክፍያ ከሠሩ ግን የቪዛቸውን ሕግ ጥሰዋል፤ በጥሬ ገንዘብ መከፈሉም ነገሩን አይለውጠውም። በሚቀጥለው ዓመት ለልጅ ልጃቸው ልደት ለመምጣት ሲያመለክቱ ቪዛ ሊከለከሉ ይችላሉ። ተተኪዋ የሥራ ፈቃድ ያላት ትሁን።

ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ከመውለጃው ወር አስቀድመው ይጻፉት፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ አንዳንድ ቅጂ ያዙ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ካለበት ደግሞ ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ።